ሥዕሉ ተጫዋቹን ምን ይለዋል?

ሥዕል የመጽሐፍ ጌጥ ነው የሚል አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ጽሑፉ ምግቡ፣ ሥዕሉ ማጣፈጫው መሆኑ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ላለመስማማታችን ማስረጃ ይሆነን ዘንድ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እንመዛለን፤ ይኸውም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ከ1974 ወዲህ የታተሙት የምናብ ጨዋታ መጻሕፍት የሥዕል ታሪክ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እንናገር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ፣ የተዋጊ ወይም የጠንቋይ ወይም የሌባ፣ ሕይወት ይረከባሉ። ዳኛው «ከፊታችሁ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱም ተመካክረው ይመልሳሉ፤ ዳይስ ይጣላል፤ ነገሩ ይቀጥላል። እንደ ተረት ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ መግባቱ ነው። ታዲያ መድረክ የለ፣ አልባሳት የለ፤ ያ ዓለም ምን እንደሚመስል ለተጫዋቹ የሚነግረው በአብዛኛው በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ሥዕል ከጌጥነት አልፎ እንደ ሕግ ይሠራል ብንል አልተጋነነም።

የዚህ ጨዋታ በኩር «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የምድር ቤት ወህኒዎችና ዘንዶዎች» እንደማለት ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ሲሆን፣ በ1974 በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቲ.ኤስ.አር. የተባለ ገና ጥርስ ያላወጣ ኩባንያ አሳተመው። በአንድ ሣጥን ሦስት ትናንሽ ጥራዞች፣ ዋጋው 10 ዶላር፣ የመጀመሪያው እትም 1,000 ሣጥን። ገንዘቡ ትንሽ ስለነበረ ሥዕሎቹን የሠሩት ወዳጅ ዘመድና ጀማሪዎች ናቸው። እንዲያውም ጥቂቶቹ በ1968 ከወጣ የማርቬል ኮሚክ መጽሔት ላይ የተቀዱ መሆናቸውን በኋላ የታሪክ አጥኚዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳይተዋል። እጁ ያልሰላ የጀማሪ ሥዕል ነበር። ቢሆንም እትሙ ዓመት ሳይሞላው አለቀ።

ኩባንያው ጥቂት አቅም ካገኘ በኋላ ሦስት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት ወጡ፤ የጭራቆች መጽሐፍ በ1977፣ የተጫዋቾች መጽሐፍ በ1978፣ የዳኛው መጽሐፍ በ1979። በነዚህ ሁለት ሠዓሊዎች ገነኑ፤ ዴቪድ ሰዘርላንድና ዴቪድ ትራምፒየር። የተጫዋቾቹን መጽሐፍ ሽፋን የሣለው ትራምፒየር ነው። እስቲ ይህን ሥዕል ረጋ ብለን እንየው። መሐል ላይ አንድ ግዙፍ ጣዖት ተቀምጧል። ሁለት ሌቦች ጭንቅላቱ ላይ ወጥተው የዕንቁ ዓይኑን ይፈለቅቃሉ። ከታች እንሽላሊት መሰል ፍጥረቶች ሞተው ወድቀዋል፤ አንዱ ሰይፉን ይወለውላል፣ ሌሎች ካርታ ዘርግተው ይመካከራሉ፣ ሬሳ የሚጎትቱም አሉ።

ውጊያው አልቋል! ሠዓሊው የመረጠው የሰይፍ ፍጭቱን ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጀግናው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ሥዕሉ ተጫዋቹን «እዚህ የመጣኸው ለሥራ ነው፤ ሥራው አደገኛ ነውና ከጓደኞችህ ጋር ተመካከር» ይለዋል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሰዘርላንድ «ፓላዲን በሲኦል» አለ። አንድ የጦር ልብስ የለበሰ ፈረሰኛ፣ ፈረሱ የለም፣ ብቻውን በአጋንንት ተከቦ ይዋጋል። ያሸንፍ ይሁን ይሸነፍ ሥዕሉ አይነግረንም። መልሱን ለተጫዋቹ ትቶለታል።

አሁን ወደ 1983 እንለፍ። ያው የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ የውስጡ ጽሑፍ ሳይነካ፣ ሽፋኑ ብቻ ተለወጠ። ጣዖቱና ሌቦቹ ወጡ፤ በምትካቸው ጀፍ ኢዝሊ የሣለው ጢማም ጠንቋይ ገባ። በዚያው ዓመት ለጀማሪዎች የተዘጋጀው ቀይ ሣጥን በላሪ ኤልሞር ሥዕል ታተመ፤ አንድ ተዋጊ ሰይፉን መዝዞ ከአንድ ግዙፍ ቀይ ዘንዶ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጧል። ኩባንያው በነዚያ ዓመቶች የሠለጠኑ የቀለም ቅብ ሠዓሊዎችን በደመወዝ ቀጥሮ ነበር፤ ኤልሞር፣ ኢዝሊ፣ ክላይድ ኮልድዌል፣ ኪት ፓርኪንሰን። የእጃቸው ጥበብ አያጠያይቅም። ብረቱ ያብለጨልጫል፣ የዘንዶው ቅርፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሰማዩ ደመናው ሳይቀር እውነት ይመስላል።

ግን ሥዕሉ የሚለው ነገር ተለወጠ። አሁን ተጫዋቹን «ጀግና ነህ፣ ዘንዶውም የሚጠብቀው አንተን ነው» ይለዋል። ምክክሩ፣ ካርታው፣ የሬሳ ጉተታው የለም። ጨዋታው ወደ ትልልቅ መጻሕፍት መደብሮች ስለገባ፣ ከሩቅ የሚጣራ ሽፋን አስፈልጎት ይሆናል፤ ይህ ገበያ ያመጣው ነገር ነውና አንፈርድበትም። ፍርዳችን በሌላ ላይ ነው። ብዙ ሰው «አዲሱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል» ሲል ይሰማል። እውነት መምሰል ብቻውን ሚዛን ከሆነ ፎቶግራፍ ሁሉንም ሠዓሊ ረትቷል ማለት ነው እኮ!

የእንግሊዞቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ1981 የወጣው «ፊንድ ፎሊዮ» የተባለ የጭራቆች መጽሐፍና በ1982 የታተመው የስቲቭ ጃክሰንና የኢያን ሊቪንግስተን «ዘ ዋርሎክ ኦቭ ፋየርቶፕ ማውንቴን» ውስጥ የረስ ኒኮልሰን ሥዕሎች አሉ። በጥቁር ቀለም የተጨናነቁ፣ ጭረት በጭረት ላይ የተደራረበባቸው፤ ጭራቆቹ የበሰበሱ፣ ጥርሳቸው የወላለቀ ነው። በ1986 የወጣው «ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕሌይ» ተጫዋቹን አይጥ አጥማጅ አድርጎ እንኳ ሊያስጀምረው ይችላል። እዚያ የጭቃና የበሽታ ሥዕል ቢበዛ አይገርምም፤ ሥዕሉና ሕጉ ተስማምተዋል።

ይህን ስንል «የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር» ከሚሉት ወገን ነን ማለት አይደለም። በ1979ኙ የዳኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ሰዘርላንድ የሣለው ቀይ ጋኔን አንዲት ሴት በእጁ ጨብጦ ይታያል። ሌሎቹ ይዋጋሉ፤ እሷ የምትታደግ ዕቃ ናት። በቀለም ቅብ ዘመንም ቢሆን ወንዱ ከራስ እስከ እግሩ ብረት ለብሶ፣ ሴቷ ግን እርቃኗን ልትቀር ጥቂት የቀራት ሆና የተሣለችባቸው ሽፋኖች ሞልተዋል። በአንጻሩ በ1981 በወጣው የጀማሪዎች ሣጥን ላይ ኤሮል ኦተስ የሣለውን እንመልከት። ከውሃ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ ብቅ ብሏል፤ በአንድ ወገን ጦር የያዘ ወንድ፣ በሌላው ወገን አስማቷን በእጇ ያቀጣጠለች ሴት። ሁለቱም እኩል ሥራ አላቸው። የኦተስ አካል አሣሣል እንግዳ ነው፣ ቀለሙም እንደ ሕልም ነው፤ ትምህርት ቤት ቢቀርብ ምናልባት ማርክ ይቀነስበት ነበር። ነገር ግን ያንን ሣጥን የገዛች አንዲት ልጅ በሥዕሉ ውስጥ ቦታዋን ታገኛለች። ሚዛናችን እንግዲህ ይኼ ነው።

የትራምፒየር መጨረሻ ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። «ድራገን» በተባለው መጽሔት ላይ ከ1977 ጀምሮ «ወርሚ» የሚል የኮሚክ ሥዕል ያወጣ ነበር። በ1988 ታሪኩን ከመሐል አቋርጦ ጠፋ፤ ሞቷል ያሉም ነበሩ። በ2002 ግን የደቡብ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ በካርቦንዴል ከተማ ስለሚሠራ አንድ ታክሲ ነጂ ጽሑፍ አወጣ። ሰውየው ትራምፒየር ነበር! የሙያው ባልንጀሮች ለዓመታት ወሬውን ያጡትን ሠዓሊ ያስገኘው የተማሪዎች ጋዜጣ መሆኑን እኛም ልብ እንበል። በ2014 አረፈ። ሥዕሎቹን ሳይረሱ ያደጉ ሰዎች ግን ዛሬም የሱን መስመር የሚከተሉ መጻሕፍት ያሳትማሉ፤ በነጭና ጥቁር፣ ጉድለቱን ሳይደብቁ።

እኛ የምናወጣት ይህች ጽሑፍ በስቴንስል የምትባዛ ናት። የዘይት ቀለም አትችልም፤ የምትችለው መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጪው እትም ሥዕል የምታመጡ ጓደኞቻችን «እጄ አልሰላም» ብላችሁ አትቅሩብን። በሥዕላችሁ ውስጥ ያለው ሰው ምን እየሠራ ነው? የሚያየውስ አንባቢ ምን ይሠራ ዘንድ ትጋብዙታላችሁ? ይህን መልሳችሁ ኑ፤ መስመሩ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም።