ወደ ግብር የገባ ልጅ

በአማርኛ «ገብ» ብለው የሚያልቁ ጥምር ቃላት ብዙውን ጊዜ ፊታቸው አያምርም። ሰርጎ ገብ አለ፤ ድንበር ጥሶ በስውር የሚመጣው። ጣልቃ ገብ አለ፤ ባልተጠራበት ነገር መሐል የሚገኘው። ከእነዚህ ጎን ስሙ በክብር የሚነሣ አንድ «ገብ» ደግሞ አለ፤ ግብረ ገብ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የእኅቴ ልጅ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ «ጋሼ፣ ግብረ ገብ የሚገባው የት ነው?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ጣልቃ መግባትን ከእናቷ አፍ ታውቀዋለች፤ ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ መሐል እየገባች ስንቴ ተቆጥተዋታል። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውም ሰው እንግዲህ አንድ ቦታ መግባት አለበት። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ የሚገባበትም ቦታ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተጽፏል።

ግብር የግእዙ «ገብረ» ልጅ ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚህ ግንድ የበቀለው ብዙ ነው፤ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብርና፣ ገበሬ። ባለ መሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ነው፤ ንጉሡ በአዳራሹ ሠራዊቱንና ሕዝቡን የሚያበላበት ድግስም ግብር ነው። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ ሲባል ደግሞ «ገብር» አገልጋይ ነው፤ የሚሠራ፣ የሚታዘዝ። እንግዲህ ግብረ ገብ ቃል በቃል ሲፈታ ወደ ሥራ የገባ፣ ከሥራው ውስጥ የሚገኝ ሰው ነው። ለልጅቷም እንዲሁ ነገርኳት። «ሥራ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ገበሬ እርሻው ውስጥ እንደሚገባው።» «ገበሬና ግብረ ገብ ዘመድ ናቸው?» አለችኝ። ናቸው፤ የአንድ አያት ልጆች።

ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ቃሉ መልካምነትን የሚሸመደድ ነገር አላደረገውም፤ ቢያደርገውማ ኖሮ «ግብር ዐዋቂ» በተባለ ነበር። ልጅ እውነት መናገርን የሚለምደው እውነት ሲናገር ነው፤ ማካፈልንም የሚለምደው ዳቦውን ቆርሶ ለጓደኛው ሲሰጥ። ዛሬ በየክፍሉ የሚሰጠው ፈተና ግን «ታማኝነት ማለት ምን ማለት ነው?» ይልና ምርጫ ያቀርባል። ከጎኑ ካለችው ልጅ ገልብጦ ዐሥር ከዐሥር የሚያገኝ ተማሪ በወረቀቱ ላይ ታማኝነትን ዐውቋል። መምህሮቹን አልወቅስም፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው። ያም ሆኖ ፈተናው በየዓመቱ ቃሉን ከግብር እያወጣ ወደ ሽምደዳ ሲወስደው ማየት ያሳዝነኛል።

ቃሉ በትምህርት ቤት ደጅ ገብቶ ወጥቶ ያውቃል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ የአንድ ትምህርት ስም ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ያዘው። በኢሕአዴግ ዘመን «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» መጣ። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታናናሾቹ ክፍሎች ተመልሷል፤ ከፍ ያሉት የዜግነት ትምህርት ይማራሉ። ሥነ ምግባርም ቢሆን ቆንጆ ስም ነው። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው፤ ሥነ ምግባር የሥራ ውበት፣ ሥነ ጽሑፍ የጽሑፍ ውበት። በኋላ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ልቦና፣ ሥነ ፈለክ እየተባለ «ሥነ» የዕውቀት ዘርፍ ምልክት ብቻ ሆነና ውበቱ ከጆሮ ጠፋ። ለልጅ «ያማረ ሥራ» ብሎ መፍታት ግን ዛሬም ይቻላል፤ ልጆች ያማረ ነገር ይወዳሉ።

ሃይማኖትን በሚመለከት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ልጆች እምነታቸውን የሚማሩት በቤታቸው፣ በቄስ ትምህርት ቤት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በመድረሳ ነው። ሆኖም ጠዋት አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዷ ጸሎትን፣ አንዱ ሶላትን በአፉ ይዞ ይመጣል። የእነዚህ ሁለት ቃላት ታሪክ በየመማሪያ ክፍሉ ቢነገር እንዴት ደስ ባለኝ! ሁለቱም ከአንድ አረማይስጥ ቃል የወጡ ናቸው፤ «ጽሎታ» ከሚለው። ሥሩ ማዘንበል፣ ማጎንበስ ነው። አንዱ በግእዝ በኩል፣ አንዱ በዐረብኛ በኩል ዞሮ መጥቶ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኘ። ሁለቱም ልጆች ሲያደርሱ ያጎነብሳሉ፤ ቃሉ ከመለያየቱ በፊት የነበረውን ነገር ሰውነታቸው ይዞታል።

«ሃይማኖት» ራሱም የመጣው ከዚያው ነው። በአረማይስጥ «ሃይማኑታ» ይባላል፤ ፊቱ ላይ ያለችው «ሃ» በዚያ ቋንቋ የአድራጊነት ቅጥያ ናት፤ እሷ ስትነሣ ከሥር የሚቀሩት አ፣ መ፣ ነ ናቸው። አመነ! እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ መተማመን፣ አደራ የሚሰጠው እሙን ሰው፣ ክርስቲያኑ በጸሎቱ መዝጊያ የሚለው አሜን፣ ሙስሊሙ አሚን የሚለው፣ ዐረብኛው ኢማን፣ ሁሉም የዚሁ ሥር ናቸው። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ታማኝነትና ሃይማኖት የአንድ ቤት ቃላት መሆናቸው ነው። የጎረቤት ገንዘብ አደራ ተቀብሎ በሰዓቱ የሚመልስ ሕፃን «አመነ» የሚለውን ግስ በእጁ እያረባው ነው።

መድረሳም እንግዳ አይደለም። ዐረብኛው «ደረሰ» አጠና ማለት ነው፤ የግእዙ «ደረሰ» ደግሞ ተረጐመ፣ አዘጋጅቶ ጻፈ። ድርሳን፣ ድርሰት፣ ደራሲ ከዚያ ወጡ። በዕብራይስጡ ወገን ሚድራሽ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አለ። ከጎንደርና ከትግራይ ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ቤተ ሰቦች ልጆች ሚድራሽ የሚለውን በትምህርት ቤት ሲሰሙ ድርሳን ከሚለው የአያቶቻቸው ቃል ጋር ዘመድ መሆኑን የሚነግራቸው ቢያገኙ፣ ኦሪትም እንዲሁ አረማይስጥ ሥር ያለው ጥንታዊ ቃል መሆኑን ቢያውቁ፣ የቄሶቻቸው ንባብ ከክፍሉ ውጭ የቀረ ነገር አይመስላቸውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቃል፣ ወደ ትምህርት። እዚህ ላይ የአማርኛ ጆሮ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ግን ያምራል። ልጅ ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን፤ «ያኑርህ» ይላል መላሹ። ይማር ያልነው እግዜር ምሕረት ያድርግለት ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «ይማር» እንላለን፤ ዕውቀት ይግባው ነው። ንብ የምትሠራውም ማር ነው። ሰባኪዎች ሦስቱን አንድ አድርገው ትምህርት ምሕረት ነው፣ ትምህርት ማር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በግእዝ ፊደል ግን ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ማስተማር በሃሌታው ሀ «መሀረ» ነው፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ «መሐረ»፤ ማር ደግሞ በዐይኑ ዐ «መዓር»። ሦስቱ የጉሮሮ ድምፆች በአማርኛ ሲዋጡ ቃላቱ ተቀላቀሉ። ለዚህም ነው ሕፃናትን ሀና ሐን ለይተው እንዲጽፉ ማድከም ከንቱ ነው ከሚሉት ጋር የማልስማማው፤ ፊደሉ የቃሉ የትውልድ ወረቀት ነው።

«መሀረ» ዘመዶቹ በዐረብኛና በዕብራይስጥ አሉ፤ ማሂር ማለት በሁለቱም የሠለጠነ፣ እጁ የቀለጠፈ ነው። ስለዚህ ትምህርት ከመጀመሪያው እጅ ያለበት ነገር ነበር፤ ምሁርም እጁ ያልለመደውን የማያስተምር ሰው መሆን ነበረበት። ይህንን ሥር ለመቆፈር ስገልጥ የኖርኩት የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳትመው አወጡት። ሦስት ትውልድ መምህርና ተማሪ አንድ መጽሐፍ! ደቀ መዝሙር የመዝሙር ልጅ ማለት ነው፤ «ደቅ»፣ «ደቂቅ» ልጅ ነውና። የኔታም የተባሉት የኔ ጌታ ከማለት ነው። ጥንት ተማሪና መምህር የሚጠራሩት በቤተ ሰብና በጌትነት ስም እንጂ በሥራ መደብ አልነበረም።

የኔታ ፊት ግን አለንጋም ነበር፤ እሱን መሸፈን አይገባም። «ተግሣጽ» በግእዝ ማስተማርንና መገሠጽን አንድ ላይ ይይዝ ነበር፤ በአማርኛ ማስተማሩ ወድቆ ቁጣው ብቻ ቀረ። ለልጅ የሚበጀው የቀድሞው ነበር። በምክርና በመከራ መካከል የሆነውም ከዚህ ይቀርባል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ስንል ተረቱን የፈጠረው ሰው ሥርወ ቃል ዐዋቂ ይመስለኛል። ግእዙ «መከረ» ሐሳብ ሰጠ ነው፤ «አመከረ» ፈተነ፤ መከራ ፈተና። አንድ ሥር ነው፤ የሚመክረው ሰው ወይም ኑሮ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ጥፋተኛ ልጅን ስንሰድብ የምንለው ስድብ ደግሞ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «አሳዳጊ የበደለው!» በደሉ የልጁ አይደለም፤ የአሳዳጊው ነው። የሚሰድበው ሰው በቁጣው መሐል ሳያውቀው ለልጁ ይፈርድለታል። የዚህ ተቃራኒ ጨዋ ነው፤ እሱም ረጅም መንገድ መጥቷል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ የንጉሥ ጦር ስም ነበር፤ በየአውራጃው የሚሰፍር። ከዚያ ባለ ርስት፣ የደህና ሰው ዘር ሆነ፤ ከዚያም አመለ ሸጋ። በቤተ ክህነት ቋንቋ ግን ጨዋ ማለት ፊደል ያልቆጠረ፣ ያልተማረ ሰው ነው። አንዱ ልጁን ጨዋ ሁን ይላል፤ ሌላው ጨዋ እንዳይሆን ትምህርት ቤት ይልከዋል። ሁለቱም ወላጆች ልክ ናቸው።

ከሁሉ የዘገየው ቃል «የስብዕና ግንባታ» ነው፤ ዛሬ በየሥልጠናው የሚሰማው። ልጅ ያድጋል እንጂ አይገነባም ብዬ ልቃወመው ነበር፤ ግን «በምግባር የታነጸ» የምንለውም ከግእዙ «ሐነጸ»፣ ከሕንፃ ነውና የግንበኛው ምሳሌ የቆየ ነው። ይልቅ ስብእና ላይ ልቁም፤ በአሌፉ አ መጻፍ ያለበት ነው። ምንጩ «ሰብእ» ነው፤ ሰው። በምሥጢረ ሥጋዌ የምንማረው ትስብእት፣ ሰው መሆን፣ ከዚህ ነው። አማርኛ «ነበረ»ን «ኖረ» እንዳደረገው «ሰብእ»ንም «ሰው» አደረገው። ስለዚህ የስብእና ትክክለኛው አማርኛ ሰውነት ነበር። ሰውነት ግን በአፋችን ክንድና እግር፣ ሥጋና አጥንት ማለት ሆነ፤ ጠባዩን የሚጠራ ቃል ሲጠፋ ወደ ግእዝ ተመልሰን ያንኑ ቃል በአሮጌ ልብሱ አመጣነው።

እናት ልጇን «ሰው ሁን» ስትለው ግን ጥንታዊው ፍቺ ሳይነካ አለ። ልጁ ሰው ሆኖ ተወልዷል፤ ሆኖም ገና ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ የክፍለ ጊዜ ሰንጠረዥ ደብተሯ ሽፋን ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞ ጠዋት ግብረ ገብ ይላል። ከሰዓት በኋላ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፤ ለሩጫና ለኳስ ሜዳ የሚወጡበት ነው። ጎለመሰ፣ ጎልማሳ ሆነ፣ በሰለ ማለት ነው። ሁለተኛውን ስም በእርሳስ አሰመርኩበትና እሷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ እፈታላት ጀመርኩ።