«ደም የለህም»፦ ጤፉ፣ አፈሩና የበሽተኛው አልጋ

ዊንጌት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትምህርት ቤቱን ነው። እንግሊዞች በ1946 ከፍተው በጄኔራል ኦርድ ዊንጌት ስም የሰየሙት፣ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው ትምህርት ቤት። የታክሲው ረዳት «ዊንጌት በጳውሎስ!» እያለ ሲጣራ ግን ከሚሳፈረው ሰው ብዙው የያዘው ደብተር ሳይሆን ፔርሙስ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል የተኛ ሰው አለው። ፔርሙሱ ሳይከፈት ውስጡ ያለውን መገመት ይቻላል፦ አጥሚት፣ የአጃ ሾርባ፣ ወይ የምስር ፍትፍት።

አልጋው አጠገብ የሚባለውም ሁሌ ያው ነው። «ደም የለህም ተብለህ የለ? ብላ እንጂ! በሞቴ!» (ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ የኛ ብቻ ጥበብ ሳይሆን አይቀርም።) ከዚያ የመድኃኒቱ ዝርዝር ይከተላል፦ ቀይ ሥር፣ ጉበት፣ ምስር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀይ ጤፍ። ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

የሚገርመው፣ ይህ የአያቶቻችን ወሬ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሳይንስም ለብዙ ዓመታት አጨብጭቦለታል፤ ጭብጨባው ደግሞ የሚያያዘው እዚሁ ሰፈር ካለ ተቋም ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሁለቱን ካሌንደር እያደባለቅን እንዳንደናገር።)

በ1958 አንድ የአሜሪካኖች የጥናት ቡድን ኢትዮጵያ መጣ። የላከው ኮሚቴ ሥራው የወዳጅ አገሮችን ወታደርና ሕዝብ አመጋገብ መመርመር ነበር። ቡድኑ ካገኘው ሁሉ ዓይን የሳበው የብረት መጠን ነው። ኢትዮጵያዊ በምግቡ የሚወስደው ብረት ከሌላው ዓለም ጋር የሚወዳደር አልሆነም። በ1962 ደግሞ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የሕፃናት የሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ። ያ ክፍል በ1968 የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። «ፋፋ»ን የሰጠን እሱ ነው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎ «ልጁ ፋፋ» የሚያስብል ምግብ። (ከዚያ ዘመን የምርት ስሞች ሁሉ ምርጡ ነው ብል የሚከራከረኝ ይኖር ይሆን?)

በክፍሉ ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ዪንግቬ ሆፍቫንደር የአሜሪካኖቹን ነገር ተከታትሎ የሰው ደም መመርመር ጀመረ። ጥናቱን በ1968 ሲያሳትም ነገሩ እውነት ነበር፦ ጤፍ በላተኛው ሰው በቀን የሚወስደው ብረት ከመቶ ሚሊግራም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ለአንዲት በወሊድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት በቀን ይበቃል የሚባለው 18 ሚሊግራም ነው። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስም ከሌሎች ድሃ አገሮች አንጻር ብርቅ ሆኖ ተገኘ። በ1976 ደግሞ መሐሪ ገብረመድህን ከስዊድናዊና ከኢትዮጵያዊ ባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጥናት አወጣ። ርዕሱ ፍርዱን በግልጽ ተናግሮታል፦ በኢትዮጵያ የእርግዝና ደም ማነስ ብርቅ ስለመሆኑ።

እንግዲህ ይህን የሰማ የጤና ባለሥልጣን ምን ያስባል? ሕንድ ነፍሰ ጡሮቿን በብረት ክኒን ስታሳድድ እኛ እንጀራ አለን ብሎ ይቀመጣል።

ታዲያ ብረቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። ጤፍ በምድር ላይ ካሉ እህሎች ሁሉ ፍሬው ትንሹ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የሚወቃው አውድማ ላይ ነው፣ በሬ እየሄደበት። የኛ ደጋ አፈር ደግሞ ብረት የጠገበ ነው። ያን ያህል ደቃቅ ፍሬ ከዚያ አፈር ጋር ሲታሽ ውሎ ምን ያህል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል? ገና በ1963 «ይህ የጤፍ ብረት ሳይሆን የአፈር ብረት ነው» ያለ ተመራማሪ ነበር። በ1980 አብርሃም በስራትና ባልደረቦቹ ጉዳዩን በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ደግመው አነሱት። ጤፉ በደንብ ሲታጠብ ብረቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ከሌሎች እህሎች ብዙም አይርቅም። ስንኮራበት የኖርነው ብረት ትልቁ ክፍል አውድማ ላይ የተለጠፈ አፈር ነበር ማለት ነው።

አፈርም ቢሆን ብረት ብረት ነው፣ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ችግሩ አንጀት ጋ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛው አንጀታችን የማይወስደው ዓይነት ነው፤ እንደገባ ይወጣል። ለእንጀራ የሚሟገት ነገር ግን አለ። እርሾው ሊጡን ሲያቦካ፣ በእህል ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሰዋል። ስለዚህ የቦካ እንጀራ ከሌጣ ቂጣ የተሻለ ብረት ይሰጣል። (ከምሳ በኋላ ወዲያው የምንደግመው ቡና ደግሞ የሰጠውን መልሶ ይነጥቃል። ከምግቡ ራቅ ብናደርገው ምን ነበረበት?)

«ብርቅ ነው» የሚለው ፍርድ ግን ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆየ። የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ የድሮውን የፓስተር ተቋም ከወረሰው የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሐደ፤ ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ብዙ ሳይርቅ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚያ ውሕደት ልጅ ነው። አሮጌውን ፍርድ መልሰው የነካኩትም የዚሁ ቤት ሰዎች ናቸው። በ1999 ጀማል ሃይደርና ባልደረቦቹ በገጠር ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ላይ የብረት እጥረት ደም ማነስ አገኙ። ይኸው ተመራማሪ በ2009 ከሌላ ባልደረባ ጋር ያወጣው ጽሑፍ ርዕስ፣ በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ የብረት እጥረት ደም ማነስ «ብርቅ አይደለም» የሚል ነበር። የርዕስ አወጣጥ ትምህርት ስለወሰድኩ ነው መሰል እንዲህ ያለ ነገር ያስደስተኛል፤ የ1976ቱን ርዕስ ከ33 ዓመት በኋላ በራሱ ቃል መመለስ። በ2010 በወጣው ጥናቱ ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ደም አንሷታል፤ ከሁለት ሴቶች አንዷ ገደማ ብረት ጎድሏታል፤ ፎሊክ አሲድም የጎደላቸው ብዙ ናቸው።

ሆፍቫንደርና መሐሪ ተሳሳቱ እንዴ? እኔ እንደዚያ አላነብበውም። የእነሱ መልስ ለጤፍ አገር መልስ ነበር። ጥፋቱ «ጤፍ በላተኛው» የሚለውን «ኢትዮጵያዊው» ብሎ የተረጎመው ሁላችንም ጋ ነው። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይህን ያሳያል። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ደም ያነሳቸው በአገር ደረጃ 57 በመቶ ነበሩ። በአማራ ክልል 42፣ በሶማሌ ክልል ግን 83 በመቶ። የሶማሌ አርብቶ አደር ጤፍ አይወቃም፤ ኑሮው ከወተት ጋር ነው፣ ወተት ደግሞ ብረቱ ኢምንት ነው። በዚያው ዳሰሳ ከወለዱ እናቶች መካከል በእርግዝናቸው ወቅት የብረት ክኒን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ናቸው።

እስካሁን ያወራነው ቆሞ ስለሚሄድ ሰው ነው። አልጋ ላይ ስላለውስ? ደሙ ያነሰ በጠና የታመመ ሰው ቢኖር፣ መልሱ ብረት መስጠትና ማብላት አይደለም እንዴ? ለዚህም ታሪክ አለ፤ ይኸኛው ሩቅ አይደለም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኦጋዴን ተርቦ ነበር። ጆን መሬይ የሚባል ሐኪም ከነቤተሰቡ በአፍሪካ የረሃብ መጠለያዎች ውስጥ ይሠራል። (ከልጆቹ አንዱ ክሪስቶፈር መሬይ ኋላ የዓለምን በሽታና ሞት የሚቆጥረውን የሲያትሉን ተቋም ያቋቋመው ነው፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው በአባቱ ጥናቶች ላይ ስሙ አለ።) መሬዮች አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያስተውላሉ፦ የተራበው ሰው መብላት ሲጀምር ተደብቆ የነበረው ወባና ሌላው ኢንፌክሽን ይነሣበታል። በ1978 ያሳተሙት ጥናት ብረት የጎደላቸውን 137 የሶማሌ አርብቶ አደሮች የተመለከተ ነው። ገሚሱ ብረት፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን ተሰጠው። ባዶውን ከወሰዱት ውስጥ 7 ጊዜ ኢንፌክሽን ተከሠተ። ብረት ከወሰዱት ውስጥ 36 ጊዜ።

ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብረት የሚያስፈልገው ለኛ ብቻ አይደለም፣ ለባክቴሪያም ነው። ጤናማ ሰው ብረቱን ትራንስፌሪን በሚባል ፕሮቲን አሥሮ ያመላልሰዋል። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ግን ይህ ፕሮቲን ያንሰዋል። በ1970 የወጣ ጥናት ክዋሽኦርኮር ከያዛቸው ሕፃናት ትራንስፌሪናቸው በጣም የወረደባቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። በዚያ ላይ የተራበ አካል ሥራውን ሲቀንስ ቀይ የደም ሕዋሱንም ይቀንሳል፤ ከፈረሰው ሕዋስ የወጣውን ብረት ጉበት ውስጥ ያከማቸዋል። ማለትም ልጁ ደሙ አንሷል፣ ብረቱ ግን ጎተራ ውስጥ አለ። ጎተራው ሙሉ ለሆነ ቤት እህል በጀርባ በር ማስገባት ለማን ይጠቅማል? ለአይጡ።

ለዚህ ነው ዛሬ በጠና የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ሥርዓት ለእናቶች እንግዳ የሚሆንባቸው። ልጁ አጥንቱ እየታየ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል ቀጠን ያለ ወተት ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ፣ ፕሮቲኑ ከአንድ ግራም በታች። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። አንቲባዮቲክ አብሮ ይሰጣል። ብረት የለም። ልጁ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና ማደግ ሲጀምር ወደ ኤፍ 100 ወይም «ፕላምፒናት» ወደምንለው የለውዝ ቅባት ይሻገራል። ኤፍ 100 ውስጥ ብረት ስለሌለ በዚህ ጊዜ ለብቻው ይታዘዛል፤ የለውዙ ቅባት ግን ከነብረቱ ነው የሚሠራው። ደም መስጠትም የራሱ ልክ አለው። ሄሞግሎቢኑ ከ4 ግራም ከወረደ፣ ወይም ከ6 በታች ሆኖ መተንፈስ ካቃተው፣ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ደም በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ይሰጠዋል፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት። ከዚያ በኋላ የደከመ ልቡ ያን ፈሳሽ መሸከም ስለማይችል ደሙ ራሱ ሊገድለው ይችላል።

በዚህ ዕውቀት ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም የሚነሣው በረሃብ ብቻ አይደለም። በ2000 ስቲቭ ኮሊንስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በሐዲያ ዞን በባደዋቾ ወረዳ በጠና የተጎዱ ሕፃናትን ሆስፒታል ሳያስተኙ፣ የለውዙን ቅባት ወደ ቤት እየሰጡ አከሙ። ከ170 ልጆች 85 በመቶው አገገመ፣ 4 በመቶው ሞተ። ዛሬ በብዙ አገሮች በየጤና ኬላው የሚሠራበት አሠራር ከእንዲህ ያለው ሙከራ የተነሣ ነው። ይህ ለምን በየትምህርት ቤቱ እንደማይነገር አይገባኝም፤ ረሃባችንን በዘፈን እንኳ የማያውቅ የለም።

ለአዋቂ በሽተኛ የሚሆነው ትምህርት ደግሞ ከሀብታም አገሮች የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች መጣ፤ አቅጣጫው ያው ነው። በ1999 የካናዳ ሐኪሞች 838 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ሄሞግሎቢኑ ከ10 ሲወርድ፣ ለሌላው ከ7 ሲወርድ ብቻ ደም ሰጡ። ቁጥብ ደም የተሰጠው ወገን የባሰ አልሆነም። በ2001 አካባቢ ሄፕሲዲን የሚባል ከጉበት የሚመነጭ ሆርሞን ታወቀ። ኢንፌክሽን ሲመጣ ይነሣና የአንጀትን በር ዘግቶ ብረቱን ጎተራ ውስጥ ይቆልፍበታል። ብዙ በሽተኛ «ደም የለህም» የሚባለው በዚህ የተነሣ ነው፤ በር በተዘጋበት ሰዓት ቀይ ጤፍም ሆነ ክኒን ብዙ አይረዳውም። በ2011 ቤልጂጎች 4640 ታካሚዎችን ይዘው፣ በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚጨመር እስከ ስምንተኛው ቀን ቢቆይ ኢንፌክሽን እንደሚቀንስና ታካሚው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ቶሎ እንደሚወጣ አሳዩ።

ይህ ሁሉ ሲባል «በሽተኛን አታብሉ» የሚል እንዳይመስል። ቀስ ብሎ መጀመር አለመጀመር አይደለም፤ በጠና የታመመ ሰው ሳምንታት ሳይበላ ከቆየ ጡንቻው ያልቃል፣ መተንፈስም ያቅተዋል። ነፍሰ ጡሯም ክኒኗን ትዋጥ። የሚለየው ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለው ነው። ለተጎዳ ሕፃን ይህ ሁሉ በሚሊ ሊትር ተጽፎ አለ። ለትልልቆቹ ግን ስንት ቀን እንዳልበሉና ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ከማንም በላይ የሚያውቀው ፔርሙሱን የያዘው ሰው ነው። እሱን ደግሞ በጠዋቱ የሐኪሞች ጉብኝት ሰዓት ከክፍሉ እናስወጣዋለን።