የተሽከርካሪ ዕቃዎችን በዱቄት ቀለም የመቀባት ሥራ በመኖሪያ ግቢ ለመጀመር መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው ቸርኬ፣ ፖርቶመጋላ፣ ፓራውልትና የመሳሰሉትን የብረት ዕቃዎች በተለምዶ ፓውደር ኮቲንግ ተብሎ በሚጠራው የዱቄት ቀለም የመቀባት ሥራ በመኖሪያ ግቢያቸው ለመጀመር ለሚያስቡ ዜጎች ነው። ሥራው ከፍተኛ ሙቀትን፣ ከፍተኛ ቮልቴጅንና ተቀጣጣይ ብናኝን በአንድ ቦታ ያገናኛል። በመሆኑም ማንኛውም መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት የቦታው ተስማሚነትና የፈቃዱ ሁኔታ መረጋገጥ ይኖርበታል።

1. የአሠራሩ ምንነት

የዱቄት ቀለም በቲነር አይቀጥንም። ዱቄቱ በመርጫው ውስጥ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ከመሬት መስመር ጋር በተገናኘው ዕቃ ላይም ይለጠፋል። ዕቃው በኦቨን ሲጋገር ዱቄቱ ቀልጦ ወጥ ሽፋን ይሆናል። አብዛኞቹ የፖሊስተር ዱቄቶች ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ጊዜ ይፈልጋሉ። ደቂቃው የሚቆጠረው የኦቨኑ አየር ሲሞቅ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ ነው። የኢፖክሲ ዱቄት ዝገትን በሚገባ የሚከላከል ቢሆንም በፀሐይ ስለሚደበዝዝ፣ ለተሽከርካሪ የውጭ ክፍሎች ፖሊስተር ይመረጣል።

2. የሥራ ቦታ

ሥራው ከመኝታ ክፍል፣ ከማብሰያ ቤትና ከልጆች መዋያ በተለየ፣ በማይቀጣጠል ቁስ በተሠራ ክፍል መከናወን ይኖርበታል። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ለዚህ ሥራ አመቺ አይደሉም። የመርጫው ቦታና ኦቨኑ ሊራራቁ ይገባል። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት ከእሳት ወይም ከብልጭታ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በአካባቢው የከሰል ምድጃ፣ ሲጋራ፣ ብየዳም ሆነ የጋዝ ሲሊንደር ሊኖር አይገባም። ብናኙን በማጣሪያ በኩል የሚስብ የአየር ማውጫ ማራገቢያ አስፈላጊ ነው።

3. የኤሌክትሪክ አቅርቦት

በ220 ቮልት የሚሠራ 4.4 ኪሎዋት ኦቨን 20 አምፔር ይስባል። ስለዚህ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ ከማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት የለበትም። የቆጣሪው አቅም የማይበቃ ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሻሻያ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል። የመሬት መስመሩ በባለሙያ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት፤ መስመሩ ደካማ ከሆነ ዱቄቱ በሚገባ አይለጠፍም፣ ብልጭታም ሊፈጠር ይችላል።

በመርጨት ላይ እያሉ መብራት ከተቋረጠ ማራገቢያው ስለሚቆም ሥራው ወዲያውኑ ይቁም። በመጋገር ላይ የተቋረጠ ከሆነ፣ ኃይሉ ሲመለስ ብረቱ ተፈላጊው ሙቀት ላይ መድረሱ ተለክቶ ጊዜው እንደገና ይቆጠራል።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ. ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሽና ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ይፈታሉ።
ለ. ዘይትና ቅባት ይታጠባል። ክሎሪን ያለበት የማጽጃ ፈሳሽ ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።
ሐ. የቀድሞው ቀለምና ዝገት ይነሳል። በተለመደው አሸዋ ሳንድብላስት ማድረግ ለማይድን የሳንባ በሽታ ስለሚያጋልጥ፣ እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ ምትክ መጠቀም ያስፈልጋል።
መ. የብሎን ጥርሶች፣ የዳዶ መቀመጫዎችና ቸርኬው ከተሽከርካሪው ጋር የሚገጥምበት ፊት ሙቀት በሚችል ቴፕና በሲሊኮን መድፈኛ ይሸፈናሉ።
ሠ. ዱቄቱ ይረጫል፣ ዕቃው ይጋገራል፣ ከዚያም በራሱ ይቀዘቅዛል።

5. መቀባት የሌለባቸው ዕቃዎች

ቀለሙ ያማረ ሆኖ ዕቃው ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሾክ አብዞርበርና ማንኛውም ጋዝ ወይም ፈሳሽ የታሸገበት ዕቃ በኦቨን ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬን ዲስክ ሸራው የሚነካው ገጽ አይቀባም። የመሪና የሞላ ክፍሎችም ሙቀቱ ጥንካሬያቸውን እንዳይቀንስ ያለ አምራቹ መመሪያ ኦቨን ውስጥ መግባት የለባቸውም።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬ በሙቀት አያያዝ የተገኘ ነው፤ ከመጠን በላይ ወይም ደጋግሞ መጋገር ያዳክመዋል። የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ ቸርኬ ደግሞ ከተቀባ በኋላ ስንጥቁ ስለማይታይ፣ ምርመራው ከቅቡ በፊት መደረግ አለበት፤ ስንጥቅ የተገኘበት ለባለቤቱ ተነግሮ ሳይቀባ ይመለሳል። ዳዶው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቀለም ካለ ዳዶው ሊላላ ስለሚችል፣ ደንበኛው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንዲያስጠብቅ ሊነገረው ይገባል።

6. የጤናና የእሳት ጥንቃቄ

ሠራተኛው ብናኝ የሚያጣራ ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም ልብስ መጠቀም ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ የዋለ ኦቨን ለምግብ ማብሰያነት ፈጽሞ አይመለስም። የተደፋ ዱቄት በኮምፕሬሰር አየርም ሆነ በተራ የቤት መጥረጊያ ማሽን አይጸዳም። ለኤሌክትሪክ እሳት የሚያገለግል ማጥፊያ በበሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ሲያጋጥም በ939 መደወል ይቻላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ዕቃዎችን ለሠራተኛው የማቅረብ ኃላፊነት የአሠሪው ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑትንም ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ ማሰማራት አይፈቀድም።

7. የንግድ ፈቃድ

የራስን ዕቃ መቀባትና ክፍያ እየተቀበሉ የሌላውን መቀባት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ክፍያ የሚቀበል ማንኛውም ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው መሠረት የጸና የንግድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አመልካቹ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንዲሁም የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል ይዞ በሚኖርበት ወረዳ ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይኖርበታል። በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ለመኖሪያ የተሰጠው ቦታ ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል ወይ የሚለው ነው። ተከራዮች የአከራዩን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ አለባቸው።

8. የቆሻሻ አወጋገድ

የተረፈ ዱቄት፣ የተነሳ ቀለምና የእጥበት ፈሳሽ ወደ ቦይ ወይም ወንዝ አይለቀቅም፤ በግቢ ውስጥም አይቃጠልም። በክዳን ባለው ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ይወገዳል።

ቦታው የማይፈቀድ መሆኑ ከታወቀ፣ ኦቨንና መርጫ ከመግዛት በፊት በማምረቻ ሼድ ወይም በጋራዥ አካባቢ ተስማሚ ቦታ መፈለግ ኪሳራንም ሆነ በቤተሰብና በጎረቤት ላይ ሊደርስ የሚችልን አደጋ ያስቀራል።