ከስድስተኛው ጣቢያ የተገኘው የሰማይ ድንጋይ

ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መቼ እንደ ወደቀና ከየት እንደ ተነሣ ሳይታወቅ ነው። በ1962 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ በያማቶ ተራሮች አጠገብ 9 ድንጋዮች ከበረዶው ላይ አነሡ። ቢመረመሩ ዐይነታቸው የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህም በየዘመኑ የወደቁትን በረዶው ቀስ በቀስ እየተጓዘ በአንድ ስፍራ አከማቻቸው ተባለ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ዐይነቱ ከተለያየ ውድቀቱም ይለያያል የሚለው አሳብ ሁልጊዜ እንደማይሠራ የታወቀው ከበረዶ ሳይሆን ከካርቱም በስተሰሜን ከሚገኘው የኑቢያ አሸዋ ነው።

መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 6 ቀን 2008) ሪቻርድ ኮዋልስኪ የተባለ የአሜሪካ የከዋክብት ተመልካች በአሪዞና ከሌመን ተራራ ሆኖ ወደ ምድር የሚገሰግስ ትንሽ የጠፈር አካል አየ። ስፋቱ ወደ 4 ሜትር የሚገመተው ይህ አካል 2008 ቲሲ3 ተባለ። ከመውደቁ በፊት በጠፈር ሳለ የታየ ድንጋይ ከዚያ ቀደም አልነበረም። በላ ፓልማ ደሴት ያለው የዊልያም ሄርሸል መነጽርም ብርሃኑን ተንትኖ መዘገበ። ከ20 ሰዓት ያህል በኋላ፣ መስከረም 27 ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ በሱዳን ሰማይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። በቻድ ላይ ይበር የነበረ አንድ የአውሮፕላን አብራሪ እንኳ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ርቀት ብልጭታውን አይቷል።

ፍንዳታው እጅግ ከፍ ብሎ ስለ ተፈጸመ ብዙዎች ትቢያ እንጂ ድንጋይ አይቀርም ብለው ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓውያ ሻዳድ ግን ከአሜሪካ ከመጣው ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆኖ በኅዳር ወር 45 ተማሪዎችንና ሠራተኞችን ይዞ ወደ በረሃው ወጣ። መሣሪያቸው ዐይንና እግር ነበር፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው አሸዋውን እያዩ ሄዱ። በመጀመሪያው ዘመቻ 15፣ በታኅሣሥ በተደረገው ሁለተኛ ዘመቻ 32 ጥቋቁር ድንጋዮች ተገኙ፤ ጠቅላላ ክብደታቸው ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ ያሉት የበረሃ ጣቢያዎች የሚጠሩት በቁጥር ነውና፣ ድንጋዩም በዐረብኛ «አልማሐታ ሲታ»፣ ማለት ስድስተኛው ጣቢያ፣ ተብሎ ተሰየመ።

አሁን ወደ ምደባው እንምጣ። ድንጋዩ ኡሬይላይት ከሚባለው ብርቅ ወገን ሆኖ ተገኘ። ይህ ስም የተወሰደው በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ ድንጋይ ከወደቀባት ከኖቮ ኡሬይ የሩስያ መንደር ነው። ኡሬይላይት ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት፣ ካርቦን የበዛበት፣ ረቂቅ አልማዝም የሚገኝበት ነው። የስድስተኛው ጣቢያ ግን ቀዳዳ የበዛበትና እንደ ሌሎቹ ያልሆነ ስለ ነበረ «ከሥርዐት የወጣ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። በላ ፓልማ የተመዘገበው ብርሃንና በእጅ ያለው ድንጋይ ሲነጻጸሩ፣ በሰማይ ያለ አንድ የአስትሮይድ ክፍልና በምድር ያለ ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተገናኙ።

የሚደንቀው ነገር ኋላ መጣ። ፍርስራሾቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ አብዛኞቹ ኡሬይላይት ሲሆኑ፣ ጥቂት የማይባሉት ኮንድራይት፣ ማለት ፈጽሞ ቀልጦ ከማያውቅ አካል የመጡ፣ ሆኑ። ሌላ አሮጌ ድንጋይ ተቀላቅሎ ይሆን? የሚል ጥርጣሬ መነሣቱ ተገቢ ነበር፤ ይህ ጸሐፊም በዚያ ቢሆን ይጠራጠር ነበር። ሆኖም ከኮንድራይቶቹ መካከል በተመረመሩት ውስጥ በጠፈር ጨረር ተፈጥሮ ፈጥኖ የሚጠፋ የራዲዮአክቲቭ ምልክት ተገኘ፤ ይህም በቅርቡ የወደቁ መሆናቸውን አስረዳ። እንግዲህ 2008 ቲሲ3 በጠፈር ከተሰባበሩ ልዩ ልዩ አካላት የተጠራቀመ ክምር ነበር ማለት ነው። እነዚያው ፍርፋሪዎች በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ተለያይተው ቢገኙ ኖሮ በየመዝገባቸው ለየብቻ በተጻፉ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንት በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው በዚሁ ጉዳይ ተወያዩ፤ ከዚያም ድንጋዮቹ ወደ ተለቀሙበት በረሃ ሄዱ።