ሳፋሪ፤ የመኪናና የመንገድ ፈተና

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለው የመኪና ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። መነሻው የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል ሲሆን፣ ጕዞው በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የነበሩትን ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር።

ውድድሩ ለብዙ ዓመታት የሚካሄደው በምዕራባውያን የፋሲካ ሰሞን ስለ ነበር፣ ዝናም ከጣለ ጥቁሩ መረሬ አፈር መኪናውን እስከ ወለሉ ይውጠዋል፤ ካልጣለም አቧራው መንገዱን ይጋርዳል። በ1963 ከተነሡት 84 መኪናዎች ከግቡ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968ም ቍጥሩ ያው 7 ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ኒክ ኖቪስኪ በፔዦ 404 ነው።

ታላላቅ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የታወቁ አሽከርካሪዎቻቸውን ቢልኩም፣ ድሉ እስከ 1972 ድረስ ከአካባቢው ነዋሪዎች እጅ አልወጣም። የኬንያው መካኒክ ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ያሸነፈው ባገለገለ ቮልቮ ነበር። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ ነው።

ውድድሩ ከ1974 ጀምሮ በኬንያ ብቻ ተወሰነ፤ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ተመለሰ። ለባለሙያው የተወው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ የሞተር ኀይል ብቻውን አያደርስም፤ መንገዱን ያላጠና መሐንዲስም ሆነ ነጂ በጭቃው ይፈረድበታል።