በአደጋ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት

በአደጋ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚባለው ምት፣ ውድቀት፣ ግጭት፣ ፍንዳታ ወይም ጥይት የአንጎልን ሥራ ሲያውክ ነው። ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ አይቆጠርም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት የሚገቡት በአብዛኛው መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት የገጫቸው፣ ከግንባታ ወይም ከዛፍ የወደቁ፣ በዱላና በድንጋይ የተፈነከቱ ናቸው።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ደሙ ነው። ደሙ ግን ያሳስታል። የራስ ቆዳ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ሸሚዝ ታርሳለች፤ በአንጻሩ ቆዳው ሳይጫር አንጎል ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነው የአዋቂ ሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ ይኖራል። በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ድንገት ሲጋጭ ቅሉ ይቆማል፣ አንጎሉ ግን ወደፊት ሄዶ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። ጭንቅላት በኃይል ሲሽከረከር ደግሞ የነርቭ ክሮች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ፤ ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን አይታይም።

ከምቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ጉዳት አለ። የራስ ቅል አይሰፋም፤ ደም ሲጠራቀም ወይም አንጎል ሲያብጥ የሚጨመቀው አንጎሉ ራሱ ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ሲሆን ከሥሩ ደም ቅዳ ያልፋል። ይህ ሥር ከተቀደደ ተጎጂው ነቅቶ፣ ተነሥቶ፣ ከሰው ጋር ሲጫወት ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ካናዳ ውስጥ በበረዶ ሸርተቴ ስትለማመድ ወደቀች፤ ደህና ነኝ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ከሁለት ቀን በኋላ በዚሁ ዓይነት የደም መፍሰስ ሞተች። ስለዚህ ራስ ምታቱ የሚባባስ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የዓይኑ ብሌኖች መጠናቸው የተለያየ፣ ወይም ከአፍንጫው አሊያም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ የሚወርድ ሰው ተኝቶ ይሻለዋል ተብሎ አይተውም።

ሐኪሞች የጉዳቱን ክብደት የሚለኩት ቲስዴልና ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው ባወጡት መለኪያ ነው። ዓይን መግለጥ፣ መናገርና መንቀሳቀስ ታይተው ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል፤ 13 እና ከዚያ በላይ ቀላል፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። ጉዳቱ «ቀላል» የሚመስለው ግን ለሐኪሙ እንጂ ለታማሚው አይደለም። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ቢያገግሙም ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ብርሃንና ጫጫታ አለመቻል ለወራት የሚያስቸግራቸው አሉ።

የተጠራቀመውን ደም ቅል ከፍቶ ማውጣት ሕይወት ያድናል፤ የሞተን የነርቭ ሕዋስ የሚመልስ መድኃኒት ግን የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚሠሩ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው።

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው የጠባይ ለውጥ ነው። ከሆስፒታል በእግሩ የወጣው ሰው ቁጡ፣ ግድ የለሽ ወይም ፈዛዛ ሆኖ ሲገኝ ዘመድ «ተለክፏል» ወይም «ሰነፈ» ሊል ይችላል፤ የተጎዳው ግን የግንባሩ አንጎል ነው። በዚህ ረገድ በሕክምና ታሪክ የታወቀው ፊኒያስ ጌጅ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ለባቡር ሐዲድ አለት ሲያፈነዳ፣ ከአንድ ሜትር የሚበልጥና 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ጌጅ በበሬ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማ ገባ፤ ሐኪሙንም ራሱ አነጋገረ። ያከመው ሐኪም ሃርሎ በኋላ እንደጻፈው፣ ቀድሞ ቁጥብ የነበረው የሠራተኞች አለቃ ተሳዳቢና ወላዋይ ሆነ፤ ወዳጆቹም ያ የምናውቀው ጌጅ አይደለም አሉ። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ያላግባብ ነው። ጌጅ ከዚያ በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነዳ፤ በርካታ ፈረሶችን መምራት የሚችል ሰው ብዙ ነገሩ ተመልሶለታል። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1860 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ተደጋጋሚ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ነው። የራስ ቅሉና ብረቱ ዛሬ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።