እንግዳና ባለቤት በሁለት ከተሞች

ሰው የገዛ ከተማውን አጥርቶ የሚያየው በሌላው ከተማ እንግዳ ሆኖ ሲቆም ነው። የካዛንቺስን ታሪክ እንደገና እንዳስብ ያደረገችኝ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ናት።

ሁለቱን ከተሞች የሚያቀራርብ ታሪክ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የእስያና የሩቅ ምሥራቅ ኤኮኖሚ ኮሚሽን በ1949 እ.ኤ.አ. ከሻንጋይ ወደ ባንኮክ ተዛወረ፤ የአፍሪካው አቻው ደግሞ በ1950 ዓ.ም. መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። ሁለቱም የዓለምን እንግዳ ተቀባዮች ሆኑ።

ባንኮክን ስጎበኝ በቦይ ጀልባ ተሳፍሬ ማሃካን ከተባለው ምሽግ አጠገብ ወረድኩ። ከተማዋ በ1782 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ከተሠሩት 14 ምሽጎች እስከ ዛሬ የቆሙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ይህ ነው። ከግንቡ ጀርባ በእንጨት ቤቶች ለብዙ ትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሊኬ የተባለው የሕዝብ ድራማም ይታይበት እንደነበር ይነገራል። ስፍራውን መናፈሻ ለማድረግ በ1992 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ተሰጠ፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት ክርክር በኋላ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ወጡ። እኔ ስደርስ ሣሩ ተከርክሟል፣ ግንቡ ነጥቷል፤ የሚያናግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ጎብኚው ሁሉ ምግብ ወደሚጠበስባቸው፣ ሰው ወደሚጋፋባቸው መንገዶች ያልፍ ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቂርቆስና ካዛንቺስ ታወሱኝ።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከወራሪው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ጊዜ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። ጠላት ሲባረር ሕዝቡ ስሙን በራሱ አንደበት አሽቶ ካዛንቺስ አለው፤ ለባዕድ የታሰበውንም ሰፈር የራሱ አደረገው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በሰፈሩ ደጃፍ ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በ150 ካሬ ሜትር ላይ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ አሳየ። ቀን በአዳራሹ የተሰበሰበው እንግዳ ማታ የከተማዋን ልብ ሲፈልግ ወደ ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ይወርድ ነበር። ማሲንቆው በቅኔ ሲያሞግሰውና ሲሸነቁጠው፣ ትርጉሙ ባይገባው እንኳ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይስቅ ነበር።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከረጅም እድሳት በኋላ ተከፈተ። በዚያው ወቅት የካዛንቺስ ቤቶች በመልሶ ማልማት ይፈርሱ ነበር። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ፤ እድሩ ተበተነ፤ ፈንዲቃን የመሰለ የባህል ማዕከልም የቀድሞ ግቢውን ለቀቀ።

ያረጀ ጣራና የጋራ መጸዳጃ ይናፍቃል የሚል ሰው አላውቅም። ንጹሕ ቤት ለሁሉም ይገባዋል። ነገር ግን አዳራሹን ለማደስ የተደረገው ጥንቃቄ ለአዳራሹ ጎረቤቶች ትዝታ ለምን ይነፈጋል? ግንብ ይታደሳል፤ የተበተነ ጉርብትና ግን በባለሙያ እጅ አይጠገንም።

እንግዲህ ለመምህሩና ለከያኒው የቀረ ሥራ አለ። ተማሪዎችን ይዞ ወደ ዳርቻ ሰፈሮች መሄድ፣ የእድር መዝገቦችን፣ የመንደር ስሞችንና የአዝማሪውን ግጥም ከባለቤቶቹ አፍ መመዝገብ ያስፈልጋል። ያ ካልሆነ ነገ በካዛንቺስ የሚያልፍ ጎብኚ እኔ በማሃካን ያየሁትን ያያል፤ የተከረከመ ሣር፣ የነጣ ግንብ። እኛም በገዛ ሰፈራችን እንግዶች ሆነን አብረነው እናልፋለን።